ስለ ግራኒት ድንጋይ አፈጣጠርና ስለ ጠፉት ተራሮች

(በትምህርት ቤታችን በዓል ዕለት በአንበሳሜ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ድንጋይ ነው። «ድንጋይማ ማሳችንን ሞልቶታል፤ ደግሞ ንግግር ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል አባት ቢኖር አልቀየምም። ነገር ግን ይህን ርእስ የመረጥሁት ዕዳ ስላለብኝ ነውና አስቀድሜ እርሱን ልናዘዝ።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በነበርሁበት ዓመት ከጉማራ ወንዝ ዳር አንድ ግራጫ ድንጋይ አገኘሁ። ነጫጭ ቅንጣት ተበትኖበት ሲያዩት ያምር ነበር። ግራኒት ነጭና ጥቁር ቅንጣት ተሰበጣጥሮ የሚታይበት ድንጋይ መሆኑን፥ ተራራም በሚሠራበት ጊዜ ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ እንደሚገፋ ከመጽሐፍ አንብቤ ስለ ነበር፥ ነገሩን ሳላጣራ በወረቀት ላይ «ግራኒት፤ ከጉና ተራራ በጉማራ ወንዝ የወረደ» ብዬ ጽፌ ለጠፍሁበትና ከሳይንስ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት። ጽሕፈቱ በቀይ ቀለምና በትልልቅ ፊደል ስለ ነበረ ያየው ሁሉ አመነው። ዓምና ታናሽ እኅቴ ለፈተና ስታጠና «ጉና የግራኒት ተራራ ነው» እያለች በቃልዋ ስትወጣው ሰማሁና «ይህን ማን ነገረሽ?» ብላት፥ «ከሳይንስ ክፍል ተጽፎ አየሁት» አለችኝ። ጸሐፊው እኔ መሆኔን አላወቀችም።

እኔ ግን በዚያው ሰሞን ስሕተቴን ዐውቄ ነበር። በአሶሳ የሚሠሩ አጎቴ ለእንቁጣጣሽ ሲመጡ ለእናቴ ቡና፥ ለእኔ ደግሞ «አንተ ድንጋይ ለቃሚ አይደለህም ወይ» ብለው ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ይዘውልኝ መጡ። እርሱንና የጉማራውን ድንጋይ አጥቤ በፀሐይ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ተመለከትኋቸው። የአጎቴ ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር ቅንጣት ብቻ ነው። ቀላ ያለው ፌልድስፓር፥ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ያለው ኳርትዝ፥ በቢላዋ ጫፍ ሲነኩት እየተላጠ የሚያብለጨልጨው ጥቁር ሚካ፥ እነዚህ ሦስቱ ጥሩ ግንበኛ እንደ ካበው ግንብ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈዋል። የጉማራው ድንጋይ ግን እንዲህ አይደለም። ነጫጩ ቅንጣት በግራጫ ሊጥ ውስጥ እንደ ተበተነ ሰሊጥ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ሊጡን በአጉሊ መነጽር ቢያዩት እንኳ ምን ከምን እንደ ተሠራ አይለይም።

ይህ ልዩነት የመጣው ከአረጋጉ ፍጥነት ነው። ከቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ብዙ ጨው በፈላ ውሃ አሟሙታችሁ እኩሌታውን በብረት ድስት አፍልታችሁ ብታደርቁት የሚቀረው ዱቄት ነው። እኩሌታውን ግን በሳሕን አድርጋችሁ ከጥላ ሥር ለጥቂት ሳምንት ብትተዉት ማዕዘኑ የተስተካከለ ትልልቅ ቅንጣት ይሠራል። ቅንጣት ለማደግ ጊዜ ይፈልጋልና። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩ ጊዜ፥ ከቅርጹ ውጭ የተረጨ ጠብታ ቢኖር ወዲያው ረግቷል፤ በቅርጹ ውስጥ የተሞላው ግን በሸክላውና በአፈሩ ታፍኖ ቀስ ብሎ በርዷል። ድንጋይም እንደዚሁ ነው። ከእሳተ ገሞራ አፍ ፈሶ አየር የነካው ቶሎ ይረጋል። ብዙ ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች የታፈነው ግን እስኪበርድ ድረስ በብዙ ሺህ፥ አንዳንዱም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል። ግራኒት ይህ የታፈነው ነው። የኔ የጉማራ ድንጋይ ከላይ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር፤ ያታለሉኝ ነጫጭ ቅንጣቶችም ድንጋዩ ገና ከታች ሳለ ማደግ የጀመሩ፥ ነገር ግን ሳይጨርሱ የወጡ ናቸው።

እንግዲህ ግራኒት የሚሆነው ቅልጥ ድንጋይ፥ ሊቃውንት ማግማ የሚሉት፥ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ከእግራችን በታች የቀለጠ ድንጋይ ባሕር የተኛ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። የመሬት ቅርፊትም፥ ከእርሱ በታች ያለው ማንትል የሚባለውም ጠጣር ነው፤ ድንጋይ የሚቀልጠው ምክንያት ሲያገኝ ብቻ ነው። ከምክንያቶቹም አንዱ የተራራ መሠራት ነው። ሁለት አህጉሮች ሲጋጩ ቅርፊታቸው እንደ ተገፋ ምንጣፍ ይታጠፋል፥ አንዱም በሌላው ላይ ይደረባል። በተራ ስፍራ 35 ወይም 40 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ውፍረት በሂማልያና በቲቤት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል። ከላይ ባለው የቅርፊት ክፍል ወደ ታች በተወረደ ቍጥር ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ 25 ወይም 30 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ቀድሞ ከባሕር ዳር የነበረ ጭቃና አሸዋ በግጭቱ ወደ ታች ሲቀበር እንደ ተጣደ ድስት መጋል ይጀምራል። ዩራኒየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች በውስጡ ስላሉ ቅርፊቱ የራሱም ሙቀት አለው፤ ከማንትል የወጣ ትኩስ ባዛልት ከሥሩ ሲገባበትማ ነገሩ ይፋጠናል።

በዚህ ላይ ያስገረመኝ የውሃ ሥራ ነው። ውሃ እሳት ሲያጠፋ እንጂ ድንጋይ ሲያቀልጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኳርትዝ ለብቻው እስኪቀልጥ 1,700 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። ከፌልድስፓር ጋር ተቀላቅሎ፥ በግፊት ውስጥ ውሃ ሲያገኝ ግን ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ባለው ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል። ይህንንም ተትልና ቦወን የተባሉ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሊቃውንት በቤተ ሙከራ እያቀለጡ መርምረው በ1958 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ባወጡት ሥራቸው አስረድተዋል። ውሃው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ ሚካና መሰሎቹ ማዕድናት በሰውነታቸው ውስጥ አስረው ወደ ጥልቅ ይዘውት የገቡት ነው።

ድንጋዩም በሙሉ አይቀልጥም። እናቶቻችን ሰፈፍ ሲያነጥሩ ሰሙ ቀድሞ ቀልጦ ይለያል፥ እድፉ ይቀራል። ከመሬት በታችም ቀድሞ የሚቀልጠው የኳርትዝና የፌልድስፓር ድብልቅ ነው፤ ጥቁሩና ከባዱ ክፍል ሳይቀልጥ ከሥር ይቀራል። እንግዲህ ይህ ዓይነቱ ግራኒት ከአሮጌ ድንጋይ የተነጠረ ሰም ነው ብንል አንሳሳትም።

አሁን ወደ አወጣጡ እንለፍ። ወተት ሲናጥ መጀመሪያ የሚሠራው በየቦታው የተበተነ ጥቃቅን ቅቤ ነው፤ ኋላ እየተገናኘ ይጠራቀምና ከአሬራው በላይ ይንሳፈፋል። በድንጋይ ቅንጣቶች መካከል እንደ ወዝ የሚታየው ቅልጥም እንዲሁ ነው። የሚንጠው የአህጉሮቹ ግጭት ነው። ድንጋዩን ሲጨምቀውና ሲያሸው ወዙ ወደ ላላው ስፍራ እየሸሸ ይሰበሰባል። ከዚያም ወደ ላይ ይነሣል፤ ምክንያቱም የቅልጡ ክብደት በኩብ ሳንቲ ሜትር 2.3 ወይም 2.4 ግራም ሲሆን በዙሪያው ያለው ጠጣር ድንጋይ ከ2.7 ግራም በላይ ነው።

የቀድሞ መጻሕፍት ግራኒት እንደ ታላቅ ፊኛ ተድቦልቡሎ በቅርፊቱ ውስጥ እየጣሰ ይወጣል ይሉ ነበር። ይህ አሳብ አንድ ጥያቄ አስነሣ። ብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አካል ወደ ላይ ሲመጣ በስፍራው የነበረው ድንጋይ ወዴት ሄደ? በገበያ ቀን በሞላ አውቶቡስ ውስጥ አንድ በሬ ላስገባ እንደ ማለት ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ ድቡልቡል ቀስ ብሎ ሲሄድ ከመንገድ ላይ በርዶ መቅረቱ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሚቀበሉት፥ ቅልጡ የሚወጣው በስንጥቅ መሆኑን ነው። ጥቂት ሜትር ብቻ ስፋት ባለው ስንጥቅ ቅልጥ ድንጋይ ሳይረጋ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊወጣ ይችላል። ከላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ጣራውን ወደ ላይ ያነሣል፥ ወለሉን ወደ ታች ያሰምጣል፥ ተራራውም ሲሠራ የሚንሸራተቱት ስብራቶች ክፍት ቦታ ያዘጋጁለታል። አንዱ ሲረጋ ሌላው ይከተላል። ስለዚህ አንድ ነጠላ የሚመስለን የግራኒት ተራራ፥ ልክ በመደዳ እንደሚካብ ካብ፥ በብዙ መቶ ሺህ፥ አንዳንዱም በሚልዮን በሚቈጠር ዓመት ንጣፍ በንጣፍ ላይ የተሠራ ነው። ስንጥቁንስ ማን አየው ለሚል፥ ጄምስ ሐተን የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ በ1785 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ግሌን ቲልት በሚባል ሸለቆ ቀይ ግራኒት በጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ እንደ ሥር ገብቶ አይቷል። በዚያ ዘመን ግራኒት ከባሕር ውሃ የዘቀጠ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። የዘቀጠ ነገር ግን የሌላውን ሆድ ሰንጥቆ አይገባም።

ታዲያ ይህን ያህል ከወጣ በኋላ ከላይ ሳይፈስ ስለ ምን በመንገድ ይቀራል? ምስጢሩ ያው ውሃው ነው። ወደ ላይ በቀረበ ቍጥር ግፊቱ እየቀለለ ይሄዳልና ውሃው ከቅልጡ ተለይቶ ያመልጣል፤ ውሃ ያጣ ቅልጥ ደግሞ በዚያው ሙቀት እንኳ ይረጋል። እንዲቀልጥ የረዳው ነገር ጥሎት ሲሄድ በዚያው ይቆማል ማለት ነው። በመጨረሻ የሚቀረው ውሃ የበዛበት ጭማቂ ደግሞ በየስንጥቁ ገብቶ ታላላቅ ቅንጣትና ብርቅ ማዕድን ይሠራል። በደቡብ ኢትዮጵያ የቀንጢቻ ታንታለም የተገኘው ከእንዲህ ያለው ድንጋይ ነው።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር ብቻ የሆነ አይምሰላችሁ። ከ850 እስከ 550 ሚልዮን ዓመት በፊት ባለው ዘመን፥ ዛሬ ኢትዮጵያ በሆነችው ምድር ሊቃውንት የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ብለው የሚጠሩት ባሕር፥ በውስጡም የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ነበሩ። ባሕሩ ቀስ በቀስ ተዘጋ፤ ደሴቶቹ ተጨፈለቁ፤ በመጨረሻም የጎንድዋና ምሥራቅና ምዕራብ ተጋጠሙ። ከዓረብ አገር አንሥቶ በኤርትራና በኢትዮጵያ በኩል እስከ ሞዛምቢክ የሚደርስ የተራራ ሰንሰለት ተሠራ። ግራኒቶቻችን የዚያ ሰንሰለት ልጆች ናቸው። በትግራይ ከውቅሮ በስተ ሰሜን በጥንታዊ መስጊዱ በታወቀው በነጋሽ፥ ዕድሜው 600 ሚልዮን ዓመት ገደማ የሆነ የግራኒት ወገን አለ። ኢትዮጵያዊው የጂኦሎጂ ሊቅ አስፋወሰን አሥራት ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተውታል። በዚያ ስፍራ ነጣ ያለውና ጠቆር ያለው ቅልጥ ሁለቱም ሳይረጉ ተገናኝተው ተደባልቀዋል። ከሥር የሚገባው ትኩሱ ጥቁር ቅልጥ ከነጩ ጋር እንዴት እንደሚሠራ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው።

በነገራችን ላይ የአክሱም ሐውልቶች የግራኒት ናቸው እየተባለ ዘወትር ይነገራል። መልካቸው ይመስላል፤ ነገር ግን ኳርትዝ የሌለበት ኔፌሊን ሳይናይት የተባለ ሌላ ድንጋይ ነው። እኔ ብቻ እንዳልተሳሳትሁ ለማሳየት ነው ይህን የማነሣው።

ያ ታላቅ ሰንሰለት ዛሬ የት አለ? አለቀ። በጣና ላይ ጭነት ያለበትን ታንኳ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። እንጨት የተጫነበት ታንኳ ወደ ውሃው ጠልቆ ይሄዳል፤ እንጨቱ አንድ በአንድ ሲወርድለት ታንኳው እየተነሣ ሆዱ ይታያል። ተራራም ከታች ጥልቅ ሥር አለው። ዝናብና ወንዝ ራሱን ሲሸረሽሩት ሥሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ደግሞ ይሸረሸራል፥ ደግሞ ይነሣል፤ እንዲህ ሲል ብዙ ኪሎ ሜትር ከታች የረጋው ግራኒት ፀሐይ ያያል። መሬቱ በዓመት የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ቢሸረሸር 10 ኪሎ ሜትር ለማውረድ 100 ሚልዮን ዓመት ይፈጃል። ዓመቱ ብዙ ነው፤ ግን በቂ ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ የአባቴን ነገር ልጨምር። ከማሳችን ጫፍ፥ ከተዳፋቱ ላይ፥ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ። አባቴ ልጅ ሳሉ በዚያ ተቀምጠው ከብት ሲጠብቁ አፈሩ ይደርስበት የነበረውን ቦታ ያሳዩኛል፤ ዛሬ ከዚያ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። ስንዝሩን 20 ሳንቲ ሜትር፥ ዘመኑን 40 ዓመት ብለን ብናካፍለው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህም አሁን ከጠቀስሁት የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ 50 እጥፍ ነው። ሂሳቡን ሠርቼ ሳሳያቸው ዝም አሉና፥ በማግሥቱ ከድንጋዩ በታች እርከን መካብ ጀመሩ። የወረደው አፈር በጉማራ በኩል ወደ ፎገራና ወደ ጣና ሄዷል፤ አይመለስም።

የጥንቱ ሰንሰለት ከተሸረሸረ በኋላ በላዩ ብዙ ነገር አልፏል። በትግራይ በእዳጋ አርቢ አካባቢ የበረዶ ግግር እየፈጨ የተወው ጭቃና ጠጠር ከላዩ ይገኛል። አገራችን የበረዶ አገር የነበረችበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ኋላም አሸዋ ተከመረበት፤ ባሕር ገብቶ በዓባይ ሸለቆ የሚታየውን የኖራ ድንጋይ ትቶ ሄደ። ከ30 ሚልዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ከጥልቅ የመጣ ታላቅ ሙቀት ምድሪቱን ወደ ላይ ነፋት፤ ባዛልቱም በስንጥቅ እየወጣ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። ጉና የተሠራው ከዚያም በኋላ፥ ከዛሬ 11 ሚልዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው ቁመቱ ከእሳተ ገሞራ አፍ እየፈሰሰ የተደራረበ ድንጋይ ነው እንጂ አህጉር ከአህጉር ሲጋጭ የተገፋ ግራኒት አይደለም። ከግራኒቱ ጋር ሲመዛዘን ጉና የትናንት ልጅ ነው።

ስለዚህ በደራና በእስቴ፥ በፋርጣም ሜዳ ብንዞር የሚገኘው ጥቁሩ ድንጋይና ከእርሱ ወገን የሆነው ነው፤ የጢስ ዓባይም ውሃ የሚወረወረው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ላይ ነው። አሮጌው መሠረት ከሥራችን ተቀብሯል። ልናየው ብንሻ ባዛልቱ ወደ ተገፈፈበት ወይም ወዳልደረሰበት፥ ወደ ትግራይ፥ ወደ ወለጋና አሶሳ፥ ወደ ቦረና፥ ወደ ሐረርጌ መሄድ አለብን። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ከባቢሌ አለፍ ብሎ በዳካታ ሸለቆ፥ ሰው አንዱን በአንዱ ላይ የቆለላቸው የሚመስሉ ቋጥኞች አሉ። በሥዕል አይቻቸዋለሁ። እነርሱ የግራኒት ናቸው። ሸክሙ ሲነሣለት ድንጋዩ ተለጥጦ ተሰነጠቀ፤ ዝናብም በስንጥቁ እየገባ ማዕዘኑን በላው፤ መካከሉ ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። አንድ ልጅ በትከሻው ቢገፋው የሚወድቅ ይመስላል፤ ሆኖም ቆሟል።

አሁን ሁለቱ ድንጋዮች ከፊት ለፊታችሁ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የአጎቴን ድንጋይ ለሳይንስ ክፍሉ ሰጥቼዋለሁ፤ በላዩም «ግራኒት፤ ከአሶሳ» ተብሎ ተጽፏል። የጉማራውም ከመደርደሪያው አልተጣለም፤ ቀዩን ወረቀት ልጬ በምትኩ «የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፤ ከጉማራ ወንዝ ዳር፤ ቀድሞ በስሕተት ግራኒት ተብሎ የነበረ» ብዬ ጽፌበታለሁ። እየተቀባበላችሁ እዩአቸው፤ በተለይ ወደ መስኮቱ አዙራችሁ የሚካውን ብልጭታ ተመልከቱ። ወረቀቶቹ እንዳይለዋወጡ ግን ጠባቂ አድርጌ ያቆምሁት እኅቴን ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔን አታምነኝምና።